ትርንጎን ዳንግላ ልተዋት የሄድኩበት ሳምንት

ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሴቶች አላስቀመጡኝም። አንዷ ቧንቧ ላይ፣ አንዷ ወፍጮ ቤት፣ «ምን አየሽ? ልጅቷስ?» ይሉኛል። ለአንዷ ሩቡን፣ ለሌላዋ ግማሹን ስነግር፣ እነሱ ተገናኝተው ሲገጣጥሙት እኔ ያልሄድኩት ጉዞ ሆኖ ይመለስልኛል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ነገሩን አላንጋድደውም። ከጫግኒ ወጥታችሁ ደጋውን ለማታውቁትም መንገዱን እንዳየሁት አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደሄድኩ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት መንታ ሴቶች ወለድኩ፤ ትርንጎና ባንቺ። አንድ መልክ ናቸው፤ እኔ ራሴ የምለያቸው እጃቸው ላይ ባሰርኩት ክር ነበር። ሁለቱም አያለቅሱም። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ያለሽ እድለኛ ነሽ፣ እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ» ይለኝ ነበር። ወተቴ ግን ለሁለት አልበቃ አለ። የአክስቴ ልጅ እታለም ሙሉ ዳንግላ ነው ያገባችው፤ እግዜር ልጅ አልሰጣት ብሎ ነበር። መጥታ፣ በሁለት ሽማግሌዎች ፊት ጡቷን ማር ቀብታ ባንቺን አጠባቻት። በአገራችን ይህ ከተደረገ የጡት ልጅ ናት፤ ነገሩ አለቀ። እኔም «ዳግመኛ ልጄ ብዬ አልጠይቅም» ብዬ ማልኩ። ከዚያ ወዲህ ባንቺን አይቻት አላውቅም። ለትርንጎም መንታ እንዳላት አልነገርኳትም።

ትርንጎ ከኔ ጋር አደገች። ስታድግ ያ አለማልቀሷ አስፈራኝ። አባቷን ቀብረን ስንመለስ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየጮኸ እሷ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ፣ «አሁን አባዬ አልጋ ላይ ማን ይተኛል?» አለችኝ። ስመታት አታለቅስም፤ አርጩሜውን ታየዋለች። ሁለት ጊዜ ሰባት ሰባት ቀን ጠበል አስጠምቄያታለሁ፤ ውሃው በረዳት እንጂ አልጮኸችም። የባለቤቴ ዘመዶች «ይሄ ከናንተ ዘር ነው» ይላሉ፤ የኔዎቹ «ከነሱ ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ «አስተዳደግ ነው» ይላል፤ እሱን የሚሉት እኔ ሳልኖር ነው።

ያለፈው ክረምት ሲወጣ ታናሽ ወንድሟ ሞላ፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጎረቤት ለሽንት ቤት ባስቆፈረው ጉድጓድ ገባ። ውሃ ይዞ ነበር። ትርንጎ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ያወጣው መንገደኛ ነው። ክንዱ ተሰብሯል። «ለምን አልጮህሽም?» ስላት «ይወጣ እንደሆን እያየሁ ነበር» አለችኝ። ክፋት የለበትም አነጋገሯ። ያ ነው ያስፈራኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞላ እሷ ስትገባ ቀሚሴ ሥር ይገባል፤ አፉ ይያያዛል፤ ልብሱን ያረጥባል።

ክንዱን ያሳከምኩበት ቦታ የአእምሮ ጤና የምታይ ወጣት ሐኪም ነበረች፤ አስቀምጣ አነጋገረችኝ። «ልጆች ሲወለዱ ይዘውት የሚመጡት አለ፤ ከቤት የሚቀስሙትም አለ። የሷ አለማዘንም፣ የሱ ፍርሃትም እንደዚያው ነው። ለአንድ ልጅ ይሄን ያህሉ ከደም፣ ይሄን ያህሉ ከቤት ብሎ የሚለይ ሰው ግን የለም» አለችኝ። ስለ መንታዋ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «ሊቃውንቱም ይህን ለመለየት መንታ ነው የሚያዩት። እርስዎ ግን ልጅን ለመመርመር እንዳይሄዱ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት የፊቱን ብቻ ነው። ባንቺም እንደዚህ ከሆነች ደም ነው፤ እኔ አልበደልኩም። ደህና ከሆነች ጥፋቱ የኔ ቤት ነው። ያም ሆነ ይህ ትርንጎን እዚያው ትቻት ልመለስ ቆረጥኩ። ለሞላ ስል። ለእሷ «ዘመድ ጥየቃ» አልኳት።

ሰኞ

ሞላን ለጎረቤቴ ለስንዱ ሰጥቼ፣ ማንጎ በዘንቢል ይዤ፣ የትርንጎን ልብስ ሁሉ ጠቅልዬ ወጣሁ። ስንዱ ጥቅሉን አየችና «ለአራት ቀን ይሄ ሁሉ?» አለች። «ደጋው ይበርዳል» አልኳት።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር ሆዴ ተገለበጠ። መኪና ለምጄ አላውቅም፤ ከወንበሩ ብረት እጄን አላላቅቅ ብዬ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። አስመለሰኝ። ትርንጎ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አለች። ረዳቱ ፌስታል ወርውሮልኝ «እናቴ፣ ማንጎው ነው ወይስ ቁርሱ?» ይላል፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ አንዲት ሴት ሎሚ ከፍላ አፍንጫዬ ላይ ያዘችልኝ። ማን እንደሆነች እስካሁን አላውቅም፤ መልኳንም አላየሁ፣ እጇን ብቻ።

ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ የእንጅባራን ድንች ጫግኒ ወስደው ተክለው እንደነበር ያወራሉ። «እንደ ሽንብራ ሆኖ ወጣልኝ» ይላሉ። አጠገባቸው ያለችው ነጋዴ፣ «ዘሩን አይሳደቡ፣ ቆላ ወስደው ቀቅለውት ነው» ትላለች። «ኧረ ዘሩም ነው! የጎረቤቴ እኮ እዚያው በቅሏል።» «እንግዲያው እጅዎ ነው!» መኪናው ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። እኔ ጆሮዬን ቀስሬ ፍርድ እጠብቃለሁ፤ ስለ ልጆቼ የሚያወሩ ይመስል። ሳይጨርሱት ሰውዬው ወረዱ።

ደጋው እንዲህ ነው፦ እኛ ማንጎ እንደምንተክል እነሱ ለከሰል የሚሆን ዛፍ ይተክላሉ። ማሳ ሙሉ፣ ተራራ ሙሉ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ ዛፍ። በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ እንደ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ብርዱ ደግሞ በጥቅምት ፀሐይ ይነክሳል። እኛ ጥላ የምንፈልግበት ሰዓት ላይ እነሱ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

እንጅባራ መናኸሪያ ስንደርስ «ወደ ዳንግላ ዛሬ መኪና የለም፤ መንገድ ተዘግቷል» ተባልን። ለምን የሚል የለም፤ ቢጠየቅም መልስ አይገኝም። ኔትወርክም ጠፍቷል፤ እንደምመጣ ለእታለም ሙሉ መናገር አልቻልኩም።

አልጋ ቤት ያስገቡን እማማ ጥሩ የሚባሉ ባለቤትየዋ ናቸው። መንቀጥቀጤን አይተው ሙቅ ውሃ በሳፋ አምጥተው «እግራችሁን ንከሩ» አሉ። የራሳቸውን ጋቢ አለበሱን። በቁልቋል አጥር ላይ የተሰጣውን ካልሲ እንኳ አንሥተው ለትርንጎ አጠለቁላት። ድንች ወጥ በገብስ እንጀራ አቀረቡልን፤ የኛ የዳጉሳ እንጀራ ቀይ ነው፣ ይሄኛው ወፍራምና አመድማ ነው፣ ግን ሆድ ይይዛል።

እየበላን ሳለ ወጥ ቤቷ የጋለ ዘይት እጇ ላይ ፈሶባት ጮኸች። ሁላችንም ብድግ አልን። ትርንጎ እንጀራዋን እንደያዘች ጠጋ ብላ የተቃጠለውን እጅ አየችና፣ «ቆዳው መቼ ነው የሚላጠው?» አለች። ሴትየዋ ሕመሟን ረስታ አፈጠጠችባት። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። እማማ ጥሩ ሳቁ። «ሐኪም ትሆናለች ይቺ! ሐኪም ካለቀሰ ማን ይሰፋል?» አሉ። ከዚያ በአገውኛ ለወጥ ቤቷ አንድ ነገር አሏት። አገውኛ እሰማለሁ፤ አልናገርም እንጂ። «ልጅቷስ ደህና ናት፤ የምታሳዝነኝ እናትየዋ ናት፣ እንደ ወፍ ትደነግጣለች» ነው ያሉት። ያልሰማሁ መሰልኩ። ሞላ ትዝ አለኝ፤ እሱም እንደዚያ ነው፤ በር ሲንቋቋ ትከሻው እስከ ጆሮው ይወጣል። እናቴም በር በተንኳኳ ቁጥር «ማነው?» ከማለቷ በፊት ታማትብ ነበር። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ

እኩለ ቀን ላይ መንገዱ ተከፈተ። እማማ ጥሩ ለካልሲው ብር አልቀበልም አሉ፤ ማንጎ ሰጠኋቸው፤ አንዱን አሽትተው «ቆላ ቆላ ይላል» አሉ። በየኬላው ስንወርድ ስንወጣ፣ አጭር የተባለው መንገድ ወደ ማታ አደረሰን።

ዳንግላ ሜዳ ነው፤ ሰፊ። እኛ ጋ ባጃጅ እንደሚርመሰመሰው እዚያ ጋሪው ይበዛል፤ ፈረሱ ሰው ይጭናል፣ ጤፍ ይጭናል። መናኸሪያው በር ላይ የጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። አንዱን እግሬን እየጎተትኩ ወደ አንድ ጋሪ ስጠጋ ባለጋሪው ትርንጎን አየና ልጓሙን ያዘ።

«የአስረስን ልጅ ወዴት ነው የምትወስጃት?» አለኝ።

አስረስ የእታለም ሙሉ ባል ናቸው፤ እሳቸውም ባለጋሪ ናቸው። አፌ ተያያዘ፤ እውነት ልጅ የሰረቅኩ ይመስል ወደ ኋላ አልኩ። ይሄ ነገሩን አባሰው። «ኧረ ያዙልኝ! የአስረስን ባንቺን ይዛ ልትሳፈር ነው!» ይላል። ሰው ከበበን። አንዷ «ፊቷን አያችሁ? ሌባ ነች» ትላለች።

ትርንጎ ብቻ ናት ያልደነገጠች። «እኔ ትርንጎ ነኝ። ባንቺ ማን ናት?» አለች።

ባለጋሪው አጎንብሶ አያት። «እንዴ… ባንቺ ጉንጯ በብርድ የተሰነጠቀ ነው። ይቺ ጠቁራለች» አለ። ከዚያ ሊያምን አልቻለም፤ ሊተወንም አልቻለም፤ ጭኖ ወሰደን። መንገዱን በሙሉ ለሚያልፈው ጋሪ ሁሉ «ከጫግኒ አንዲት ሴት ባንቺን የመሰለች ልጅ ይዛ መጥታለች!» እያለ ሲጮኽ፣ ወሬው ከኛ ቀድሞ ገባ። ትርንጎ ወደኔ ዞራ «መንታ ነኝ?» አለች። «አዎ» አልኳት። «እሺ» አለች። አሥራ አንድ ዓመት የደበቅሁት ነገር በአንድ «እሺ» አለቀ።

እታለም ሙሉ በሩ ላይ ቆማለች። ሳመችኝ፤ እጇ ግን ቀዝቅዟል። ባንቺ ከጓሮ ወጣች። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ባንቺ እግሯን አየችና፣

«ጫማሽ ስንት ቁጥር ነው?»

«ሠላሳ አራት።»

«የኔም። ካልሲው ግን የወንድ ነው።»

«የሰው ነው» አለች ትርንጎ። ተያይዘው ጓሮ ገቡ። እኔን ባንቺ «እትዬ» ብላ ጨበጠችኝ፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ።

እታለም ሙሉ ዶሮ አረደች። እንቁላሉን ሁሉ ለኔ ደረደረችው፤ «ብይ፣ በሞቴ፣ ይቺንም» ትለኛለች፤ እሷ ግን አንድ ጉርሻ አልዋጠችም። እንግዳ ስለሆንኩ መሰለኝ። አልገባኝም ነበር። ልጇን የሰጠች ሴት ልታያት አትመጣም፤ ከመጣች ልትወስዳት ነው። እኔ የራሴ ነገር አእምሮዬን ይዞት ይህን የሰፈር ሕፃን የሚያውቀውን ረሳሁ።

ረቡዕ

ጾም ነው። በሽሮ ቁርስ አድርገን ጋሼ አስረስ ፈረሱን ሊጠምዱ ሲወጡ እኔም ጫማዬን ሊሰፉልኝ ስላሉ ተከተልኩ። ቁመታቸው አጭር፣ ሳቃቸው ረጅም ሰው ናቸው። ሁለቱ ልጆች ፈረሱ ጋ ነበሩ። ባንቺ ማሰሪያው የሚያርፍበትን የፈረሱን ትከሻ በመዳፏ ቀስ እያለች ታስሳለች።

«እዚህ ጋ ይሞቃል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ አደረገ» አለች።

«ስለዚህ?» አሉ ጋሼ አስረስ።

«ጨርቅ ይደረብበት። ዛሬ እህል አይጫንም።»

ጋሼ አስረስ ጨርቅ ደረቡ። ልጅ እንዳዘዛቸው አልመሰላቸውም። ትርንጎ አየች፤ እሷም እጇን አስጠግታ የሞቀውን ቦታ ጫን ልታደርግ ስትል ባንቺ ክንዷን ያዘች። «አይጫንም። ይነካል እንጂ።»

«ለምን?»

«ይረግጥሻል። ደግሞ ያመዋል።»

«ያመዋል» ስትል ድምጿ አልተለወጠም። «ዝናብ ሊመጣ ነው» እንደሚባለው ነው። ያን ጊዜ አወቅሁ። እዚያ የተጋደመ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ።

«ይቺ ልጅ ታዝናለች እንዴ፣ ጋሼ?» አልኳቸው ልጆቹ ራቅ ሲሉ።

መርፌውን ጫማዬ ውስጥ እንደሰኩ ቆም አሉ። «ስድስት ዓመቷ ሳለ ጣቷን ከነጥፍሯ የፈረሱ ቁስል ውስጥ ከታ አገኘኋት። ልመታት ጅራፉን አነሣሁ፤ አየችኝ። ምን ነክቶኛል አልኩ፤ ይቺ እኮ ማየት ነው የፈለገች። እንግዲያው ትይ! በማግስቱ 'ከዛሬ ጀምሮ ሳልጠምድ የት እንዳመመው ንገሪኝ' አልኳት። አምስት ዓመት ሆነ። አታዝንም። ግን አትስትም።»

«ሰው ላይስ?»

«ሰውማ ፈረስ አይደለም፤ ይዋሻል» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «እናቷ ሙሉ ናት ያስተማረቻት። ሰው ሲወድቅ ምን ይደረጋል፣ ሰው ሲያለቅስ ምን ይደረጋል እያለች፤ እንደ ፊደል። ስንቴ እንዳለቀሰች አትጠይቂኝ።»

ትከሻዬን አዩና፣ «አንቺ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ብርዱ ነው?» አሉ። «ብርዱ ነው» አልኳቸው።

እንግዲህ የመጣሁበትን አገኘሁ። አንድ ደም ነው። ሁለቱም ውስጥ ያው ነው፤ እኔ የተከልኩባት ነገር አይደለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግንዱ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት ስለ እጃቸው ነው። የባንቺ እጅ ያውቃል። ለትርንጎ እጅ እኔ ያሳየሁት አርጩሜ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንደኛው አያ ደምሴ ናቸው፤ ያን ጊዜ ማሩ ሲቀባ የነበሩት። ሁለቱ ልጆች በሩ ጋ ቆመዋል። እታለም ሙሉ ድንጋይ ተሸክማ መጥታ መካከል ላይ ቆመች፤ ልታስፈርድብኝ ወይ ልትማጸነኝ እንደሆነ እሷም አላወቀችም።

«ልጄ፣» አሉኝ አያ ደምሴ፣ «የማልሽውን ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ለምን መጣሽ? ባልሽ ሞተ፣ አውቀናል፤ ቤትሽ ባዶ ሆነ፣ አዝነናል። ያም ሆኖ የጡት ልጅ አይመለስም።»

እታለም ሙሉ ተንበረከከች። «ሌላ ማንኛውንም ነገር ውሰጂ። ፈረሱን ውሰጂ። እሷን አትውሰጂብኝ፣ እቴ፣ በማርያም!» እያለች ጉልበቴን ያዘች። ከኔ የምትበልጥ ሴት፣ ያበላችኝ ሴት።

ባንቺ ከበሩ ተነሥታ ሄደች። በጣሳ ውሃ ይዛ መጣች፤ እታለም ሙሉ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ትከሻዋ ላይ እጇን አሳረፈችና ጠበቀች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ግን አልተነሣችም፤ እናቷ እስክትጨርስ እዚያው ነበረች። ትርንጎ ትክ ብላ ታያታለች።

እኔ መናገር ነበረብኝ። ዝም ብል «ልትወስድ ነው» ነው። ልጆቹን ውጡ ማለት ሳይታሰበኝ፣ ፍርሃቴ ቀደመኝ። «ባንቺን ልወስድ አይደለም! ትርንጎን ልተዋት ነው የመጣሁ!» አልኩ። አላቆምኩም። «እፈራታለሁ። ወንድሟ ሲሞት ልታይ ተቀምጣ ነበር። አልችላትም፤ እናንተ ችላችኋል፤ ያዙልኝ» አልኩ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ከልጄ ሁለት ክንድ ርቄ ነው።

አያ ደምሴ ዘወር ብለው ትርንጎን አዩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እታለም ሙሉ ከጉልበቴ ተነሣች። የደስታ እንባ መስሎኝ ነበር። «አልችልም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ይቺን አንዷን አሥራ አንድ ዓመት ነው በጥፍሬ የቆፈርኳት። ሁለት ሲሆኑ እርስ በርስ ይተያያሉ እንጂ እኔን አያዩም። ትላንት ሙሉ ቀን አየኋቸው። ይቅር በይኝ። አልችልም።»

ጋሼ አስረስ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌዎቹ የመረቁት ምርቃት እንኳ ትዝ አይለኝም።

ትርንጎ «ልብሴን ላምጣው?» አለች። «አምጪው» አልኳት። አመጣችው፤ እንዳጣጠፍኩት ነበር፣ አንዱን እንኳ አልፈታችውም። አውቃ ኖሯል ወይስ አላወቀችም፣ እስካሁን አልጠየቅኋትም።

አርብ

እታለም ሙሉ ስንቅ ቋጠረችልን፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ለሞላ ብላ የሠራችውን ትንሽ ሹራብ። በር ላይ ስትሰናበተኝ ሸክሟ የወረደላት ሰው ሆና፣ ደግሞ እያፈረች ነበር። ባንቺ ጨበጠችኝና «በደህና ግቡ፣ እትዬ» አለች። ምን ጠብቄ እንደነበር አላውቅም። የጠበቅሁት ነገር ግን አልመጣም። ጋሼ አስረስ እስከ መናኸሪያ በጋሪ አደረሱን፤ የሰፉት ጫማዬ እስካሁን አልተበጠሰም።

እንጅባራን በቀን አለፍናት። ወደ ጫግኒ ቁልቁል ስንጀምር ትርንጎ መስኮቱን እያየች፣

«ትመልሽኛለሽ ማለት ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ሌላ ጊዜስ? ሌላ ቦታ ትተይኛለሽ?»

የቤት ዕቃ ዋጋ እንደምትጠይቅ ነው ድምጿ። ውሸት ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ሽማግሌ ፊት እውነቱን ሰምታዋለች።

«እፈራሻለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«እየፈራሁሽም ቢሆን አልተውሽም።»

ትንሽ አሰበችና «እሺ» አለች። ራሷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ተኛች፤ ትከሻዬ ባዶ ነበር። ሙቀቱ መጣ፣ የአገራችን ሽታ መጣ። ሁሉም ጃኬቱን ሲያወልቅ እኔን ብርዱ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ወዲህ

ስንዱ ቤት ስንደርስ ሞላ ድምጼን ሰምቶ ሮጠ፤ እሷን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመና ልብሱን አረጠበ። ድሮ ቢሆን እሱን አቅፌ፣ እሷን «ምን አረግሽው?» ብዬ እጮኽባት ነበር። ጩኸቴ ነው ሁለቱንም ያሳደገው። አፌን ያዝኩ። ልብሱን ለወጥኩለት። ከዚያ ትርንጎን ወደ ጓዳ ጠርቼ፣ ማንም ስላላስተማረኝ እየተንተባተብኩ፣ እንዲህ አልኳት፦ «ስትገቢ ሞላን ትከሻውን እይው። ወደ ላይ ካወጣ ቁሚ። ከእሱ አራት እርምጃ ላይ ዳቦ አስቀምጪና ዞር በዪ። አትጥሪው። አትሳቂ።»

«ለምን አልስቅም?»

«እሱ ሳቅሽን አያውቀውም፤ ይደነግጣል።»

«እሺ» አለች።

የመጀመሪያው ቀን ዳቦው እስከ ማታ እዚያው ዋለ፤ ጉንዳን ወረሰው። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። ትርንጎ ያልኳትን አልሳተችም፤ ታስቀምጣለች፣ ትዞራለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ፊቷ ላይ የማነበው ነገር አሁንም የለም። ሐኪሟ ጋ ሁለቱንም ይዤ በየወሩ እንድመጣ ተነግሮኛል፤ «እርስዎም ጭምር» ብላኛለች።

በአምስተኛው ቀን ከገበያ ስመለስ ዳቦው ግማሽ ሆኗል። ሞላ በላው ይሁን ዶሮዋ፣ ያየ ሰው የለም። ትርንጎን ጠየቅኋት። «ዞር በዪ ስላልሽኝ አላየሁም» አለችኝ።